ሽንኩርት እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ለምን ያብዳል? ዝናቡ ነው ወይስ ደላላው?

የጉለሌዋ ባለ ምሳ ቤት
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምሳ ቤት አለችኝ። ሽሮ፣ ተጋቢኖ፣ በየዓይነቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጥብስ። በቀን 8 ወይም 10 ኪሎ ሽንኩርት እፈጃለሁ። ሰኞ የገዛሁት ሽንኩርት ሐሙስ ስመለስ ኪሎው ላይ 30 ብር ጨምሮ ጠበቀኝ። ቲማቲሙማ ዋጋው ብቻ አይደለም። ከአምስት ኪሎ አንዱ ፈርጦ ነው ቤት የሚደርሰው። ቃሪያ ደግሞ እንደ ወርቅ እየቆጠርኩ ነው የማቀርበው።

ደንበኛዬ የሆነችውን ባለ ጉልት "ምነው?" ስላት "ዝናቡ ነው እህቴ" አለችኝ። አምናም ዝናቡ ነው ብላኛለች። የካቲት ላይ ሲወደድ ደግሞ ድርቁ ነው ትለኛለች። ታዲያ ለአትክልት የሚመቸው አየር መቼ ነው የሚመጣው? ዝናብ እንደሆነ ድሮም ይዘንብ ነበር። እኔ ደላላው ነው ባይ ነኝ። የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። በዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሜኑ ላይ ዋጋ ልቀይር ወይስ ልታገስ?

ቀዮ ሽንኩርት
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 2:52

ድሮ ሽንኩርት የሚያስለቅሰን ስንከትፈው ነበር። (ቀልዱ እንዳረጀ አውቃለሁ። ሽንኩርቱ ራሱ ነው በየዓመቱ የሚያድሰው።)

ተጠራጣሪው
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 3:05

ደላላ ነው። ክርክር አያስፈልገውም። ሦስት ሰው ስልክ ተደዋውሎ ዋጋ ይቆርጣል፣ ከተማው ይከፍላል። ዝናብ ሰበብ ነው።

መቂ ማሳ
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 4:30

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። እኔ መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም አመርታለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። የምታይው ዝናብ ሌላ ነው፣ የምትከፍይው ዝናብ ሌላ ነው። ዛሬ ጉለሌ ላይ የሚወርደው ዶፍ የዛሬውን ዋጋ አላመጣውም። የዛሬውን ያመጣው የሰኔና የሐምሌው ነው።

እንቁጣጣሽ ላይ የምትከትፊውን ሽንኩርት አስቢው። ዘሩ ፍል ላይ፣ ማለትም ችግኝ የሚፈላበት መደብ ላይ፣ የገባው ሚያዝያ አካባቢ ነው። ፍሉ ላይ ወር ተኩል ያህል ይቆያል። ከዚያ ወደ ማሳ እናዛውረዋለን፣ ግንቦት ማብቂያ ላይ እንበል። ማሳ ላይ ደግሞ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አራት ወር ይፈልጋል። ቁጠሪው እስቲ። ራስ የሚይዝበት ጊዜ ልክ ክረምቱ ላይ ይወድቃል። ለሽንኩርት ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ሥሩ አጭር ነው፣ ውሃ ከተኛበት ይታፈናል። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ከዋለ ምች ይመታዋል። መድኃኒት ጠዋት እረጫለሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ ያጥበዋል። በማግስቱ ደግሜ እረጫለሁ። መድኃኒቱ በብር ነው የሚገዛው፣ ዝናቡ ግን በነፃ ነው የሚያጥበው።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ክረምት ላይ ሽንኩርት አንደፍርም። በቆሎ ወይም ጤፍ እንዘራና እናሳልፋለን። የሚተክለው ውሃ የማይተኛበት፣ አሸዋ ያለበት ማሳ ያለው ሰው ነው። እሱም ቢሆን በቁማር። እንግዲህ ገበያው ውስጥ ሽንኩርት ያነሰው ስለተደበቀ ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያውም የተተከለው ትንሽ ነው።

ደግሞ የደረሰውስ? ክረምት ላይ የደረሰ ሽንኩርት አንገቱ ወፍራም ነው። ደርቆ አይዘጋም። በጋ ላይ ነቅለን ቅጠሉን ሸፍነንበት ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል። አሁን በየት ፀሐይ? እርጥብ እንዳለ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ መሽተት ይጀምራል።

ከማሳዬ እስከ አስፋልቱ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጋ ላይ አይሱዙው ማሳው ድረስ ይገባል። አሁን ጭቃው ሆድ ድረስ ነው። በጋሪ እያመላለስን አስፋልት ዳር እናራግፋለን። ባለፈው ሳምንት ደፍሮ የገባ አንድ ሾፌር ሌሊቱን እዚያው አደረ። በትራክተር ጎትተን ነው ያወጣነው። ትራክተሩ በነፃ አልመጣም። ያ ሁሉ ሽንኩርትሽ ላይ ነው የሚጫነው።

የካቲት ላይ "ድርቁ ነው" ያለችሽም አልዋሸችም። በጋ የምናጠጣው በሞተር ነው። የመቂ ወንዝ በጋ ላይ ይመነምናል። ወንዙ ሲርቅ ቱቦ ይረዝማል፣ ሞተሩ ረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። አምና ጥር ላይ ቲማቲም ተትረፍርፎ ለለቃሚ የምከፍለው ከቲማቲሙ ዋጋ በለጠብኝ። ማሳውን ለከብት ለቀቅኩት። ያኔ "ቲማቲም ለምን ረከሰ?" ብሎ የጻፈ ሰው እዚህ አላየሁም።

የጉለሌዋ ባለ ምሳ ቤት
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 4:48

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ ነገር ወጋችኝ። እውነት ነው። ያኔ እኔ በርካሽ ገዝቼ ስልስ እየሠራሁ ለሠራተኛ ቁርስ ነበር የማደርገው። ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅኩም።

ተጠራጣሪው
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 5:10

መቂ ማሳ፣ የአንተን ድካም አልክድም። ግን 2016 መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር ሲያልፍ ዝናብ ብቻ ነበር? ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። እንደዚያ ዓይነት ዋጋ ግን በየዓመቱ አልነበረም።

አትክልት ተራ ነባር
ነሐሴ 22፣ ከጠዋቱ 12:15

ሌሊት መኪና እያራገፍን ነበር፣ አሁን ነው ያየሁት። እኔ ፒያሳ አትክልት ተራ ጀምሬ፣ 2012 ላይ ኮሮና ሲመጣ ገበያው ሲዛወር ጃን ሜዳ ገብቼ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሃይሌ ጋርመንት የደረስኩ ነጋዴ ነኝ። ጃን ሜዳን የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምቱ እዚያ ያዘን። ጎመኑ ጭቃ ውስጥ፣ እኛም ጭቃ ውስጥ። ቦት ጫማ የሚሸጠው ሰው ከእኛ የተሻለ አተረፈ።

ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ስለ ብልሽት። ሰው የማይቆጥረው ሒሳብ ይሄ ነው። ለምሳሌ 100 ኪሎ በ60 ብር ገዛሁ እንበል። 6,000 ብር ወጣ። ከመቶው 20 ኪሎ ቢበሰብስ 80 ኪሎ ቀረኝ። ኪሎው 75 ብር ገባብኝ ማለት ነው። ገና መኪና፣ ወዛደር፣ የቦታ ኪራይ አልተነሳም፣ ትርፍም አልተነሳም። በጋ ላይ ያው 100 ኪሎ ቢመጣ የምጥለው ሁለት ሦስት ኪሎ ነው። ቲማቲም ደግሞ የባሰ ነው። በሳጥን ተደራርቦ ይመጣል፣ የታችኛው ሳጥን ጭማቂ ሆኖ ይደርሳል። ዝናብ የጠገበ ቲማቲም ልጣጩ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ አንድ ቲማቲም ሳጥኑን ሁሉ ያበላሻል።

ሁለተኛ ስለ ደላላ። የለም አልልም፣ አለ። ግን ደላላ ዓመቱን ሙሉ አለ። ጥር ላይም አለ። ጥር ላይ ምርት ሲትረፈረፍ ደላላው ገዢ ፍለጋ ይሯሯጣል። ነሐሴ ላይ ምርት ሲያጥር ገዢው ደላላ ፍለጋ ይሯሯጣል። ያኔ ነው የሚደልበው። የትኛው ማሳ ውሃ እንደተኛበት፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ ከእኔ ቀድሞ በስልክ ይሰማል። ስለዚህ ዝናቡ ወይስ ደላላው ብሎ መምረጥ አይሆንም። ዝናቡ ነው ለደላላው ጉልበት የሚሰጠው።

የ2016ቱን ላነሳኸው ወንድሜ፣ ያ ዓመት የተደራረበ ነበር። ቀድሞ ሲያጥረን በመተማ በኩል የሱዳን ሽንኩርት ይመጣ ነበር። ሱዳን ውስጥ 2015 ሚያዝያ ላይ ጦርነት ተነሳ። በሰሜን በኩልም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። የበጋ ስንዴም መስኖ ያለበትን መሬት ወስዷል የሚሉ ገበሬዎች ነበሩ። ክረምቱ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የዘነበው። ሌላ ዓመት ክረምቱ ያው ቢሆንም ማስታገሻ ነበረው።

መቂ ማሳ
ነሐሴ 22፣ ከጠዋቱ 1:20

ጋሼ ልክ ናቸው። የበጋ ስንዴው እኛም ጋ አለ። ሞተርና ቦይ ያለበት ማሳ ላይ ስንዴ ከገባ ሽንኩርት ይወጣል። አንድ ማሳ ሁለት እንግዳ አያሳድርም።

የወረታ ልጅ
ነሐሴ 22፣ ከጠዋቱ 3:00

ከፎገራ ነኝ። እኛ ጋ ክረምት ማለት ሩዝ ነው። ሜዳው ሙሉ ውሃ ይተኛበታል፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ይወጣሉ። ለሩዙ ጥሩ ነው፣ ልክ ካላለፈ። ውሃው ሲሸሽ ሩዙን አጭደን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም እንተክላለን። የኛ ሽንኩርት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ገበያ ሲገባ እናንተ አዲስ አበባ ላይ "ሽንኩርት ረከሰ" ትላላችሁ።

መቂ ማሳ ያለው የወር ቆጠራ እኛም ጋ ይሠራል። ጎርፉ ቶሎ ካልሸሸ፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ከመጣ፣ ሩዙ ይዘገያል። ሩዙ ሲዘገይ ሽንኩርቱ ይዘገያል። ሽንኩርቱ ሲዘገይ መጨረሻው ላይ ውሃ ያጥረዋል። 2012 ኅዳር ላይ የዘነበው ዝናብ ትዝ ይለኛል። በአንድ በኩል አንበጣ የሚወራበት ጊዜ ነበር፣ በሌላ በኩል የታጨደው ሰብል ማሳ ላይ ረጠበ። ዘመድ ወዳጅ፣ ተማሪ ሳይቀር ወጥቶ ነበር የሚሰበስበው። ከተማ ያለ ሰው ያንን ዝናብ "ደስ የሚል ብርድ" ብሎ ነው ያሳለፈው።

ለንደን ብርዱ
ነሐሴ 22፣ ከቀኑ 7:35

እናንተ ስታወሩ ትዝ አለኝ። በፈረንጆቹ 2023 የካቲት ላይ እዚህ ለንደን ቲማቲም በራሽን ገዝቻለሁ! ስፔንና ሞሮኮ ላይ ብርድና መጥፎ አየር መጣ፣ የእንግሊዝ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ሞሪሰንስ የሚባለው ሱፐርማርኬት ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሆንም አለ፣ አስዳ፣ ቴስኮና አልዲ ሦስት። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ሁሉ። እኔ ስልስ የለመድኩ ሰው ምን ልሁን? ቲማቲም በቆርቆሮ ገዝቼ አሳለፍኩት።

የእነሱም ችግር አየሩ ብቻ አልነበረም። እዚሁ አገር በግሪን ሀውስ የሚያመርቱት የጋዝና የመብራት ዋጋ ስለናረባቸው የብርዱን ወራት ሳይተክሉ ቀርተው ነበር። ልክ መቂ ማሳ እንዳለው፣ ከመጀመሪያውም የተተከለው ትንሽ ነበር። ያኔ የአካባቢና የምግብ ሚኒስትሯ ቴሬዝ ኮፊ ፓርላማ ቆመው ወቅቱ የሚሰጠውን እንብላ፣ ተርኒፕ አለ አሉ። ተርኒፕ ቀይ ሥር የሚመስል፣ ነጭ፣ ጣዕሙን ለመግለጽ የሚያስቸግር ነገር ነው። አገሩ ሁሉ ለሳምንት ሳቀባቸው። እኔ ግን ሴትየዋ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት ይከብደኛል። እናቴ ነሐሴ ላይ ቲማቲም ፈልጋ አታውቅም።

ቀዮ ሽንኩርት
ነሐሴ 22፣ ከቀኑ 7:41

ሚኒስትር ወጥቶ "ጎመን ብሉ" ቢለን እዚህ ምን እንደሚፈጠር አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ።

የማሳ ባለሙያ
ነሐሴ 22፣ ከምሽቱ 1:15

አትክልት ላይ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ጥሩ ጥሩ ነገር ተብሏል፣ ጥቂት ልጨምር።

ገበሬው "ምች" ብሎ የሚጠራው አንድ በሽታ አይደለም። ሽንኩርት ላይ ቅጠሉን ወይን ጠጅ አድርጎ የሚያቆስለው አንድ ነው። ቲማቲምና ድንች ላይ ቅጠሉን አጥቁሮ በአንድና በሁለት ሳምንት ማሳ የሚጨርሰው ሌላ ነው። ይሄኛው ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት ነው የሚያብደው፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ። በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው ራሱ ነው። ከሆለታ ምርምር የወጡት ጉዴኔና በለጠ የሚባሉ የድንች ዝርያዎች ደጋው ላይ የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይህን በሽታ ከአካባቢው ዝርያ በተሻለ ስለሚቋቋሙ ነው።

በጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። በፈረንጆቹ 2012 ወደ አገራችን የገባ ቱታ አብሶሉታ የሚባል ትንሽ የእሳት እራት። ትሉ የቲማቲምን ቅጠልና ፍሬ ሰርስሮ ይገባል። እሱ ደግሞ ሙቀትና ድርቀት ነው የሚመቸው። ክረምት ሻጋታ፣ በጋ ቱታ። ባለ ምሳ ቤቷ "ታዲያ መቼ ነው የሚመቸው?" ያልሽው ለቲማቲም አምራች ቀልድ አይደለም።

ሙቀትም አለ። ሜዳው ላይ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የቲማቲም አበባ ሳያፈራ ይረግፋል። ገበሬው ውሃ አጠጥቶ፣ ማዳበሪያ ሰጥቶ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ የለም። ሌሊቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሽንኩርት ራስ መያዙን ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል። ደጋው ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመጣል። ማታ አረንጓዴ የነበረው ድንች ጠዋት በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣል፣ በየ10 ቀኑም ለግብርና የሚሆን መረጃ አለው። እኔን የሚያናድደኝ መረጃው ማሳው ላይ ሲደርስ "ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል" ከምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለማለፉ ነው። ገበሬው የሚፈልገው "ፍሉን ሳምንት አዘግየው፣ መደቡን ከፍ አድርገው፣ የውሃ መውረጃ ቦይ አሁኑኑ ቅደድ" የሚል ነው።

መቂ ማሳ
ነሐሴ 22፣ ከምሽቱ 2:02

እግዜር ይስጥህ። የመጨረሻውን አንቀጽ አትመህ በየቀበሌው ለጥፍልን።

የድሮ ሰው
ነሐሴ 23፣ ከጠዋቱ 2:20

ልጆቼ ደህና አደራችሁ? የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

እኛ ነሐሴ ላይ ሽንኩርት ተወደደ ብለን አንጮህም ነበር። አስቀድመን እናውቃለና። የሐበሻ ሽንኩርት የሚባለው፣ ትንንሹ፣ ቀዩ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በብዛት እንገዛና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እንዘረጋዋለን። የበሰበሰውን በየሳምንቱ እንለቅማለን። ያኛው ውሃው ትንሽ ነው፣ ይቆያል። ለዶሮ ወጥም እሱ ነው ወጥ የሚያወፍረው። የዛሬው ትልልቁ ለዓይን ያምራል እንጂ ድስት ውስጥ ውሃ ብቻ ነው።

አንቺ ባለ ምሳ ቤት፣ ልጄ፣ ፍሪጅ አለሽ አይደል? ሚያዝያ ላይ ሲረክስ ዘይት ሳታበዢ ቁሌቱን ሠርተሽ ውሃው እስኪመጥ አድርቂውና በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጪ። አሁን ላለሽበት አይደርስም፣ ለመጪው ዓመት ግን ያዢልኝ። አሁን ደግሞ እግዜር የሰጠውን ተመልከቺ። ጎመኑ ለምለም ነው። የሻሸመኔ ድንች ገብቷል። እሸቱም ደርሷል። ሰው ምሳ ቤት ገብቶ ቲማቲም ካላየሁ አይልም።

የጉለሌዋ ባለ ምሳ ቤት
ነሐሴ 23፣ ከጠዋቱ 3:05

እትዬ እጅዎ ይባረክ። የልጅ ልጅዎንም እግዜር ያሳድግልዎ። "አይልም" ያሉት ላይ ግን የእኔን ደንበኞች አያውቋቸውም። ትናንት አንዱ ሰላጣው ውስጥ ቃሪያ የለም ብሎ ሒሳብ ይቀነስልኝ አለ!

የአርባ ምንጭ ሙዝ
ነሐሴ 23፣ ከቀኑ 8:10

ሁሉም ስለ ሽንኩርት፣ ሙዝን ማን ያስታውስ? የሙዝ ነገር ደግሞ ከሽንኩርት ይለያል። ሽንኩርት ቢበላሽ በአራት አምስት ወር እንደገና ታገኙታላችሁ። ሙዝ አይደለም። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሳው ንፋስ፣ ዘለላ የተሸከመውን ግንድ ከወገቡ ይሰብረዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ከሥሩ ያለው ቡቃያ አድጎ ዘለላ እስኪሰጥ ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሙዝ ተወዶ ሲቆይባችሁ አንዳንዴ ምክንያቱ ሁላችንም የረሳነው አንድ ንፋስ ነው።

ደግሞ ሙዙ ከእኛ ዘንድ ጥሬውን ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚበስለው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ትቀዘቅዛለች። ማብሰያ ክፍሉ ካልሞቀ አይበስልም፣ ስለዚህ በላምባ ያሞቁታል። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች አይወድም። ልጣጩ ይጠቁራል፣ ሰው የተበላሸ መስሎት አይገዛም። እባካችሁ ሙዝ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ ይሄ ከዋጋው ጋር አይገናኝም፣ ግን ሳየው ያመኛል።

ኮልፌ
ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 12:30

የእሁድ ገበያ ሂዱ። የገበሬ ማኅበራቱ ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ፣ ሰፈር ጉልት ላይ ካለው ይቀንሳል። ግን በጠዋት ነው። 4 ሰዓት ላይ ከመጣችሁ የምታገኙት ቅጠሉን ነው።

ተጠራጣሪው
ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 1:44

እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ። የተተከለው ትንሽ ነው፣ የደረሰው ይበሰብሳል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ግን እስቲ ይሄን መልሱልኝ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሦስት ቀን ውስጥ 30 ብር የጨመረው ሐምሌ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው? የሐምሌው ዝናብማ ሰኞም ዘንቦ አልፎ ነበር።

አትክልት ተራ ነባር
ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 4:00

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐምሌው ጠቅላላውን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። የሦስት ቀኑ ዝላይ ግን የመኪና ነው። ሌሊት 40 መኪና የሚገባበት ቦታ ላይ 25 ከገባ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ዋጋው ተቆርጦ ያልቃል። ማክሰኞ ሌሊት ከባድ ዝናብ ነበር፣ መኪና አልደረሰም። የደረሰው ደግሞ በዓሉን አስቦ የሚገዛ ሰው ጠበቀው። ይሄ ጭማሪ መኪናው ሲገባ ከፊሉ ይመለሳል። ሙሉውን አልልህም። የወጣ ዋጋ ሲወርድ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ሲወጣ ግን በሊፍት ነው። እዚያ ላይ የእኛም የነጋዴዎች እጅ አለበት፣ አልዋሽህም።

ለባለ ምሳ ቤቷ፦ ስትገዢ አንገቱን እየጨበጥሽ ግዢ። አንገቱ ለስላሳና ወፍራም የሆነውን ዛሬና ነገ ተጠቀሚበት። ደርቆ የተዘጋውን ለበዓል አስቀምጪ። ከጆንያ አውጥተሽ አነጥፊው። ፌስታል ውስጥ አታሳድሪ።

ተጠራጣሪው
ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 4:12

"የእኛም እጅ አለበት።" ስክሪን ሾት አድርጌ አስቀምጫለሁ ጋሼ።

አዲስ አባል 88
ነሐሴ 25፣ ከቀኑ 6:20

ነጭ ሽንኩርትስ?

ቀዮ ሽንኩርት
ነሐሴ 25፣ ከቀኑ 6:22

ስለ እሱ ለማውራት ብድር ያስፈልጋል።

የጉለሌዋ ባለ ምሳ ቤት
ጳጉሜን 3፣ ከምሽቱ 3:30

ቤተሰብ፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጎረቤቴ ጋር የእሁድ ገበያ ሄድን። 40 ኪሎ ሽንኩርት ተካፍለን ገዛን። ጋሼ እንዳሉት አንገቱን እየጨበጥኩ ለየሁት፣ ሻጩ "ሕፃን ነው የምትመርጪው?" አለኝ። ቤት አምጥቼ ምንጣፍ ላይ አነጠፍኩት። ሳሎኑ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ ባለቤቴ አኩርፏል።

ዋጋ አልቀየርኩም። ሰላጣውን ግን በቀይ ሥርና በካሮት ተካሁት። በየዓይነቱ ላይ ስልሱን ቀነስኩና ጎመንና ድንች ጨመርኩ። ሁለት ሰው አጉረመረመ፣ አንዱ ሒሳብ ይቀነስልኝ ያለው ሰውዬ ነው።

መቂ ማሳ፣ እንዴት ነህ? ጠፋህ።

መቂ ማሳ
ጳጉሜን 4፣ ከጠዋቱ 1:05

አለሁ እህቴ። ትናንት ከሰዓት በረዶ ጣለ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። መስከረም አጋማሽ ላይ ላዛውረው ፍል ላይ የነበረውን የቲማቲም ችግኝ ግማሹን ሰባብሮታል። ጆንያ ለማልበስ ሮጬ ነበር፣ አልደረስኩም። የቀረውን ማታ በባትሪ ስለይ አመሸሁ። ዛሬ ዘር ፍለጋ ከተማ ልወጣ ነው።

የጉለሌዋ ባለ ምሳ ቤት
ጳጉሜን 4፣ ከጠዋቱ 1:20

አይዞህ ወንድሜ። ታዲያ ታኅሣሥ ላይ ቲማቲም ሊወደድ ነው ማለት ነው?

መቂ ማሳ
ጳጉሜን 4፣ ከጠዋቱ 1:31

የእኔ ይዘገያል። የጎረቤቴ ማሳ ላይ ግን ጠብ አላለም፣ መንገዱ ብቻ ነው የሚለየን። እሱ ዘንድሮ ይበላል።